ጸጥ ያለ ቦታ

"አንድ ሦስተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል። ለምን በለጠ ብትሉኝ…" መምህርቷ እዚህ ላይ ስትደርስ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ብርድ ልብሱን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ የስልኳን ቅጂ አቋረጠች። ውሻው እስኪበቃው ጠበቀች። ከዚያ እንደገና ተሸፋፈነችና "ልጆች፣ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጣችሁ አድምጡ" ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።

እናቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ አልጋ ላይ ተኮራምታ፣ ለብቻዋ ስለ ክፍልፋይ የምታወራ ልጅ አይተው ዝም ማለት ከሳቸው የሚጠበቅ አልነበረም። ሰው ቢመጣ ምን እንደሚሉ ጠየቋት፤ ልጄ መምህርት ናት ይበሉ ወይስ ትኩሳት ይዟታል? መምህርቷ በእጇ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጠች። ላብ በጀርባዋ ይወርዳል፤ ድምጿ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። ያ ይበቃታል።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ከርሟል። የዘንድሮ ዝናብ መሠረቱን ሸርሽሮት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። መሐንዲሶች መጥተው አንኳኩ፣ ለኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በመጨረሻም በሩን በሰንሰለት አስረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በስልክ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት መምህርቷ ትምህርቱን በድምፅ ቀድታ ለአራተኛ ክፍል ወላጆች ትልካለች፤ ማታ ማታ ልጆቹ መልሳቸውን እንደዚያው በድምፅ ይልካሉ። ሐሳቡ የሷ ነበር። ማንበብ ለሚያስቸግረው ወላጅ ድምፅ ይሻላል ብላ ተከራክራ ያስፈቀደችው እሷው ናት።

ድምፅ ግን ብቻውን አይመጣም። ከልጆቹ መልስ ጋር የድስት ክዳን፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የቴሌቪዥን ዜና፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ አብሮ መጣ። አንዳንዱ ቅጂ ውስጥ ደግሞ አዋቂ ሰው መልስ ሲያሾከሹክ ይሰማል። እሷም ደንብ አወጣች፤ ጸጥ ያለ ቦታ ያልተቀዳ መልስ አይታረምም። ርዕሰ መምህሩ ደንቧን በስብሰባ ላይ አመስግነውላታል። እውነቱን ለመናገር እሷም ወዳዋለች።

በዚህ ደንብ አልገዛ ያለችው የሹፌሩ ልጅ ነበረች። ልጅቷ በክፍል ውስጥ ጭምት ናት፤ ጠርተው ካልጠየቋት አትናገርም። ከቤት የምትልከው መልስ ግን ገበያ ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ሞተር ይንተፋተፋል፣ ሳንቲም ይንኳኳል፣ አንዴማ ወፍራም የወንድ ድምፅ "ሦስት ስድስተኛ" ብሎ ሲያሾከሹክላት ጥርት ብሎ ተሰማ። መምህርቷ ቅጂውን እዚያው ላይ አቋርጣ መለሰችው። ለአባትየው ብትጽፍለት "እሺ መምህርት" ብሎ መለሰ፤ በማግስቱ ግን ያው ጥሩምባ፣ ያው ሞተር። ያን ዕለት ደክሟታል፣ ራሷን አሟታል፤ ብርድ ልብሷ ውስጥ እንዳለች የድምፅ መልእክት ላከችለት።

"እርስዎ የሰው ልጅ ሲያመላልሱ ይውላሉ" አለችው፣ "የራስዎን ልጅ ግን መንገድ ላይ ጥለዋታል። ልጅ የምትማረው ቤት ውስጥ ነው እንጂ ጎዳና ላይ አይደለም። አባት ከሆኑ አባት ይሁኑ።"

ከላከችው በኋላ አንዴ መልሳ አዳምጣዋለች። አነጋገሯ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሹፌሩ ልጅ አንድም መልስ አልመጣም። ስልክ ብትደውል የሚያነሳ የለም። ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ እንዳሳሰቧት፣ ሳምንቱን ሙሉ ያልመለሱ ልጆች ነገ "አቋርጠዋል" ተብለው ይመዘገባሉ፤ የተመዘገበ ዓመቱን ይደግማል። መምህርቷ የጠዋቱን ትምህርት ላከችና ጫማዋን አደረገች። የልጅቷን መልስ ለነገ ሳታደርስ እንደማትመለስ ለራሷም ለእናቷም ነገረች።

ቤቱ ከመኪና ጥገና ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። የልጅቷ እናት ግቢው ውስጥ አንሶላ ታሰጣለች፤ የክሊኒክ አንሶላ አጥባ የምታድር ሴት ናት። ልጅቷ መምህርቷን ስታይ ብድግ አለች፣ ከዚያ መቀመጥ ይሁን መሮጥ ግራ ገብቷት እዚያው ቆመች። እናትየዋ ግን አንሶላውን ገመዱ ላይ አስተካክላ እስክትጨርስ ዞር አላለችም።

መምህርቷ የመጣችበትን ተናገረች። ነገ መልስ ካልላከች ልጅቷ ዓመቱን ትደግማለች አለች።

"ትድገማ" አለች እናትየዋ። "ነገ ጠዋት አባቷ አክስቷ ሱቅ ያደርሳታል። ቁልፍና ዚፕ መሸጥ ትለምዳለች። ለርስዎም ይሻልዎታል፣ እዚያ ጸጥ ያለ ነው።"

"እኔ እኮ ለልጅቷ ብዬ ነው የተናገርኩት።"

"ለልጅቷ ብለው ከሆነ ለልጅቷ ይነግሯት ነበር። ለሙሉ መኪና ሰው ምን አገባው?"

መምህርቷ አልገባትም። ሴትየዋም እንዳልገባት አይታ እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና ነገሩን ከሥሩ ጀመረችላት። ቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ከባሏ ጋር ይውላል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ሰሞን ይኸው ስልክ እሷ የምታጥብበት የሳሙና ውሃ ውስጥ ወደቀ። ወጥቶ ሲደርቅ ሁሉ ነገሩ ሠራ፣ ድምፁ ብቻ ጠፋ። ጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበትም በዚያው ተበላሸ። ጠጋኙ የጠራው ዋጋ አዲስ ከመግዛት አይተናነስም። በኋላ አውቶቡሱ ላይ ከባሏ ጋር የሚሠራው ረዳት ዘዴ አገኘ፤ ስልኩን ከአውቶቡሱ ሬዲዮ ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ የሚናገረው በአውቶቡሱ ሬዲዮ ብቻ ሆነ።

"እና ትምህርቴን…"

"በመጀመሪያው ጉዞ ይከፍተዋል። አባቷ እየነዳ ይሰማል፣ ማታ ደግሞ ልጅቷ መናኸሪያ ሄዳ መኪናው ሲቆም እዚያው ትሰማለች፣ እዚያው ትመልሳለች። በጠዋቱም በማታውም ጉዞ የሚሳፈሩት ያው ናቸው፣ ሥራ የሚሄድ፣ ከሥራ የሚመለስ። መጀመሪያ ዘፈን ክፈት እያሉ አጉረመረሙ። ኋላ ለመዱት። ኋላማ ወደዱት። እርስዎ ሲጠይቁ እነሱ ይመልሳሉ፣ ይከራከራሉ። ልጄን 'ተማሪያችን' ነው የሚሏት።" ሴትየዋ አንድ እርጥብ አንሶላ ጨመቀች። "ትምህርቱ ሲያልቅ ቀጣዩ መልእክት ራሱ ይከፈት የለ? ተከፈተ። ረዳቱ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ፣ እሱ 'ተው፣ መምህርት ናቸው፣ ይጨርሱ' አለው። እስከ መጨረሻው አስጨረሰዎት።"

መምህርቷ ተቀመጪ ሳትባል የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። አፈረች። አስተያየት ስትሰጥ፣ ስትቆጣ፣ ስታርም የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ እፍረት ግን አታውቅም። አንደበቷን ወድዳ መልሳ ያዳመጠችው ትዝ ሲላት ደግሞ ባሰባት።

"ያ የሚያሾከሹክልሽ ሰውዬ ማነው?" አለች ወደ ልጅቷ ዞራ።

"ጡረተኛው ናቸው" አለች ልጅቷ። "የመጨረሻው ጉዞ ላይ ይሳፈሩና እኔ እስክመልስ ሳይወርዱ ይጠብቃሉ። ግን ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። እሳቸው ያሉትን ትቼ ነው የምመልሰው።"

መምህርቷ ስልኳን አወጣች። አቋርጣ የመለሰችው ቅጂ አልጠፋም ነበር። ከአንድ ሦስተኛ ጋር እኩል የሆነ ክፍልፋይ ስጡ ነበር ጥያቄው። ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ወፍራሙ ድምፅ "ሦስት ስድስተኛ" አለ። እሷ እዚህ ላይ ነበር ያቋረጠችው። አሁን አላቋረጠችም። ቀጥሎ የልጅቷ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ "ሁለት ስድስተኛ" አለች፣ ኮራ ብላ፤ ከኋላ ብዙ ሰው ሳቀ።

ትክክል ነበር። መምህርቷ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የብየዳ ሠራተኛው ልጅም ትዝ አላት። የሱንም መልስ ብረት ይጮህበታል ብላ ደጋግማ መልሳዋለች፤ እሱም መልስ መላክ ካቆመ ሰንብቷል። ድምፅ ይሻላል ብላ የተከራከረችላቸው ወላጆች እነዚሁ ነበሩ።

"ነገ አክስቷ ጋ አትላኳት" አለች ስትነሳ።

"እኔ አይደለሁም የምልካት። እሱን ያናግሩት።" ሴትየዋ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። "ቢያናግርዎት።"

ሹፌሩን መናኸሪያው ላይ የመኪናውን መስታወት ሲወለውል አገኘችው። ትልቅ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መንገደኛው "ቀስበቀስ" ይለዋል። ሌላው ሹፌር ሰው ለማግኘት ሲሽቀዳደም እሱ እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ ይቆማል፤ የሚወርድም የሚወጣም ባይኖር ይቆማል። ረዳቱ አንጀቱ እስኪቃጠል ቢጨቀጭቀው "ሰው ባይኖርም ፌርማታው አለ" ነው መልሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ የሚያፅናናውም ረዳቱ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ ግን እንቁላሉ እስኪሄድ እኛ በረሃብ እናልቃለን ይላል።

ረዳቱ መምህርቷን በድምጿ አወቃት። ሠላምታዋን ሲሰማ ይጠራ የነበረውን የመንገድ ስም ከአፉ ላይ ዋጠው። ሹፌሩ ጨርቁን አጥፎ መሪው ላይ አስቀመጠና ወረደላት፤ ከሷ ፊት ቆሞም ኮፍያውን አወለቀ። ያ ደግሞ ከስድብ በላይ ከበዳት።

ያወቀችውን ሁሉ ነገረችው። አላወቅሁም ነበር፣ ባውቅም እንደዚያ መናገር አይገባኝም ነበር አለችው። ሰውየው እስክትጨርስ አዳመጣት፤ ማስጨረስ ልማዱ ነው።

"ይቅር ብያለሁ መምህርት" አለ።

"ታዲያ ልጅቷ ነገ መልሷን ትልካለች?"

"ልጅቷ ነገ አክስቷ ጋ ትሄዳለች።"

"አሁን ይቅር ብያለሁ አላሉኝም?"

"ብያለሁ። በልቤ አልያዝኩብዎትም።" ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። "ግን መምህርት፣ የነገሩኝ ለብቻዬ አልነበረም። ይቅርታውን ለብቻዬ ተቀብዬ የት አደርሰዋለሁ? ነገም ጠዋት እነዚያው ሰዎች ናቸው የሚሳፈሩት። ልጁን መንገድ የጣለ እያሉ በልባቸው ያዩኛል። ልጄ ደግሞ እዚያው መሐላቸው ቁጭ ብላ ትሰማዎታለች። ስልኩን በሬዲዮው ስከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም። ከእንግዲህ አልከፍተውም።"

ከኋላ የቆመ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ሹፌሩ ኮፍያውን አጠለቀና ተራዬ ደርሷል ብሎ ወጣ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ በእጁ የማይገባ ምልክት አሳያት፤ አይዞሽ ይሁን ወግጂ አልለየላትም።

ቤት ስትገባ ርዕሰ መምህሩ ደወሉ። ነገሩን ሰምተው አዘኑ፤ ደግ ሰው ናቸው። መፍትሔም ወዲያው አገኙ። ልጅቷ ከዚህ በፊት ጎበዝ ከነበረች የቀራትን ነጥብ ሞልተሽላት ትለፍ፣ ማን ያያል አሏት። መምህርቷ ለአፍታ ነገሩ አጓጓት። ቀላል ነበር፣ ማንም አይጎዳም ነበር። ግን ነጥቡ ቢሞላም ነገ ጠዋት ልጅቷ ቁልፍና ዚፕ ልትሸጥ ትሄዳለች፤ ሰውየውም እነዚያን ሰዎች አሳፍሮ ይነዳል። አይሆንም አለች። ነገ እስከ ሥራ መዝጊያ ይጠብቁኝ፣ ልጅቷ በራሷ አፍ ትመልሳለች አለቻቸው። እንዴት እንደምታደርገው አላወቀችም።

እናቷ ከሶፋው ላይ ሆነው ሲያዳምጡ ነበር።

"ሰውየውን ስትናገሪው እዚያው ብርድ ልብስሽ ውስጥ ነበርሽ?" አሏት።

"አዎ።"

"እዚያ ውስጥ ሆኖ ሰው አይታይም እኮ ልጄ።" ከዚያ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብለው ተረቱ፤ ግን እራቷን ሲያቀርቡላት ካፋፉም ቢሆን ወርዶ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም አሉ። መምህርቷ ይቅርታዋን ቀድታ ለሹፌሩ ልትልክለት አስባ ነበር። ሰውየው ግን ስልኩን በሬዲዮው አልከፍትም ብሏል። እራቷን ጨርሳ ሳህኑን ስታነሳ አንድ ነገር ብቻ ቁርጥ አድርጋ ወስናለች፤ ድምጿ ካልተከፈተላት ራሷ ትሳፈራለች።

በማግስቱ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቀድማ ተገኘች። የሌሎቹን አውቶቡሶች አሳልፋ ቀስበቀስ ሲመጣ ወጣች። ልጅቷ ጋቢና ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ይዛለች፤ ውስጡ ያለው ግን ምሳዋ ብቻ ነው። መምህርቷን ስታይ አፏን ከፈተች፤ መምህርቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሹፌሩ በኋላ ማያ መስታወቱ፣ በስፖኪዮው አያት። ረዳቱ ሒሳቧን ተቀብሎ ወደ መሐል አሳለፋት።

ሬዲዮው የአየር ጠባይ ያወራል። ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ።

"ዛሬም ትምህርት የለም?" አለች ከሌሊት ተረኛነት የምትመለስ ነርስ። ዓይኖቿን ጨፍናለች፣ ግን አልተኛችም። "እኔ እኮ ክፍልፋዩን ለታናሽ ወንድሜ ላስረዳ ብዬ ነበር።"

"ቀርቷል" አለ ረዳቱ፤ መምህርቷን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

"ያቺ መምህርት ናት ያስቀረችው" አሉ ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከል አድርገው። መምህርቷ ድምፃቸውን አወቀችው፤ ሦስት ስድስተኛ ናቸው። "ስታስተምር ምላሷ ማር፣ ስትቆጣ እሬት። ይህን የመሰለ ሰው መንገድ ላይ ጥለሃል ይባላል? ባገኛት…"

"ቢያገኟት ምን ይሏታል አባባ?" አለ የውሃ ልኩን ጭኑ ላይ ያጋደመ ግንበኛ። "እሷም እኮ የሆነ ነገር ባትሰማ አትናገርም። እሳት በሌለበት ጭስ የለም።"

ነርሷ ዓይኗን ገልጣ ግንበኛውን ገላመጠችው። የሹፌሩ አንገት ላይ የደም ሥሩ ተገትሯል። ልጅቷ ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ውጭ ታያለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የመምህርቷ ጆሮ ግን ዛሬ ምንም አላመለጠውም። ከሽማግሌው ስድብ ይልቅ የግንበኛው ጥርጣሬ አሳመማት። ሰውየው ትናንት የት አደርሰዋለሁ ያላት ይህንኑ ነበር።

ስልኳን አወጣች። መቅጃውን ተጫነችና ተነሳች። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ወደ ግንበኛው ልትወድቅ ምንም አልቀራትም፤ ብረቱን ያዘች።

"ያቺ መምህርት እኔ ነኝ" አለች።

ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስትፈልገው የኖረችው ጸጥታ ያኔ መጣ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ረዳቱ ማንም ሳያዝዘው ሬዲዮውን ዘጋው።

"ይህን የምናገረው ለናንተ ነው፤ እየቀዳሁትም ስለሆነ ለተማሪዎቼ ወላጆች ሁሉ ይደርሳል። ይህ አባት የልጁን ትምህርት በየቀኑ ከሥራው ጋር አብሮ ሲሰማ ከርሟል። ስልኩ ድምፅ የለውም፣ በመኪናው ሬዲዮ ነው የሚሰማው። ከክፍሉ ወላጅ ትምህርቴን አንድም ቀን ሳያስቀር ያዳመጠኝ ማን እንደሆነ እንጃ፣ እሱ ግን አንዱ ነው። እኔ ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ አዋረድኩት። ልጅቷንም አታላይ አደረግኋት፤ መልሷ ግን የራሷ ነበር፣ ትክክልም ነበር። ሁለቱንም እናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ወደ ስልኳ ጠጋ ብላ ቀጠለች። "ጸጥ ያለ ቦታ ካልሆነ አላርምም ያልኩትም ደንብ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ብረት የሚበየድበትም ቤት ይሁን፣ ልጅ የሚያለቅስበት፣ ካላችሁበት መልሱ። መስማት የኔ ሥራ ነው።"

ማንም አላጨበጨበም። ግንበኛው ስለ እሳትና ጭሱ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት የውሃ ልኩን መወልወል ያዘ። ነርሷ "ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ" አለቻት፤ እንደ እህት ነበር ያለቻት። መምህርቷ ግን አልተቀመጠችም። የመጣችው ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም።

"ትናንት የላክሁት ጥያቄ ነው" አለች ስልኩን ወደ ሰዉ ዘርግታ። "ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?"

"አንድ አራተኛ!" አሉ ሽማግሌው፤ ቂማቸውን ረስተውታል። "አራት ከሦስት አይበልጥም እንዴ?"

አውቶቡሱ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ነርሷ አይደለም አለች፣ ለምን ሲሏት ግን መንገዱ ጠፋባት። መምህርቷ ወደ ጋቢናው አየች።

"ተማሪያችንስ?"

ልጅቷ አባቷን አየችው። አባቷ መንገዱን ያያል። ወንበሯ ላይ ተንበርክካ ወደ ኋላ ዞረች።

"አንድ ሦስተኛ ይበልጣል" አለች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ያ ወንበር ለሦስት ሰው ነው የተሠራው። ሦስት ሰው ሲቀመጥበት ለየሰዉ ይበቃል። ረዳቱ ግን አራት ይጭንበታል። አራት ሲሆኑ የየሰዉ ቦታ ይጠባል። የሚካፈለው ሲበዛ ድርሻው ያንሳል።"

"እኔ መቼ ነው አራት የጫንኩት?" አለ ረዳቱ። ሙሉ መኪናው በአንድ አፍ መለሰለት። ያኛው ወንበር ላይ አሁንም አራት ሆነው የተጣበቁት ሰዎች ከሁሉ በላይ ሳቁ። ሽማግሌው በሦስት ሰው ወንበር ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሲጣበቡ ኖረው ይህን አለማሰባቸውን እያነሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ትክክል" አለች መምህርቷ ወደ ስልኳ፣ ከሳቁና ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ቅጂውን አላቋረጠችም። የልጅቷ መልስ ገብቷል፤ ከመመዝገቢያው ሰዓት በፊት፣ በራሷ አፍ። ከዚህ በላይ ያለው በመምህርቷ እጅ አልነበረም።

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻገረ። ከፊት የልብስ ሰፊዎቹ መታጠፊያ ይታያል፤ የአክስቷ ሱቅ እዚያ ነው። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ አንደኛው እጇ የበሩን እጀታ ያዘ። መኪናው ውስጥ ያለው ሳቅ ቀስ እያለ ረገበ። ረዳቱ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሹፌሩን አየ። እንደ ወትሮው አልጮኸም፤ ዝግ ባለ ድምፅ ነበር የጠየቀው።

"ልብስ ሰፊዎች። ወራጅ አለ?"

ሹፌሩ ሰው ኖረም አልኖረም ፌርማታ ላይ ሳይቆም አልፎ አያውቅም። እግሩ ፍሬኑ ላይ አረፈ፤ መኪናው ዝግ አለ። በስፖኪዮው መምህርቷን አያት፤ አሁንም ብረቱን ይዛ ቆማለች፣ ስልኩን ዘርግታ። ከዚያ ልጁን አየ። እጁን ሰዶ የልጅቷን ጣቶች ከበሩ እጀታ ላይ አነሳና ጭኗ ላይ መለሰላት።

"ወራጅ የለም" አለ፤ ማርሽ ቀይሮም ፌርማታውን አለፈው።